ለበገና የተሠራ ሳጥን

ጋሽ አያሌውን ለማነጋገር መጮኽ ግድ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቆቦ ላይ «መቅደስ ጯሂዋ» የሚል ስም የወጣልኝ ያለ ጥፋቴ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ነው። የእኔ የሞባይል ጥገና ሱቅና የእሳቸው ግቢ በአንድ የቆርቆሮ አጥር ይዋሰናሉ። «ጋሽዬ፣ ምሳ በሉ?» ለማለት እንኳ ድምፄ መናኸሪያው ድረስ መሰማት አለበት። መናኸሪያው ደግሞ ቅርብ አይደለም።

ጆሯቸውን የበላው ወፍጮ ነው። ከዞብል ተራራ ሥር ካለች መንደር ጢማቸው ሳይበቅል ወደ ቆቦ መጥተው ወፍጮ ቤት ተቀጠሩ፤ እዚያው ሸበቱ። ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ሲያጓራባቸው ይውላል። ማታ ዱቄት ለብሰው ሲገቡ ሚስታቸው እትዬ አበበች በእጅ ምልክት ነበር የሚያነጋግሯቸው። ለእራት አንድ ምልክት፣ ለእንግዳ ሌላ፣ ለኩርፊያ ሌላ። የኩርፊያው ዓይነት ብዙ ነበር ይላሉ ጋሽ አያሌው ሲስቁ። እትዬ አበበች ሲያርፉ ያንን ቋንቋ የሚናገር ሌላ ሰው አልነበረም። ወፍጮ ቤቱም በዚያው ሰሞን ለሌላ ባለቤት ተላለፈና ጋሽ አያሌው ቤት ዋሉ።

ያን ጊዜ ያየኋቸውን ዳግመኛ ማየት አልፈልግም። በራቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ያቀረብኩላቸው ምግብ እንደቀረበ ይመለሳል። ብጮህም ቀና አይሉም። መስማት አቅቷቸው አይመስለኝም፤ ሊሰሙት የሚፈልጉት ነገር ስላልነበረ ነው።

ያነሣቸው በገና ነው። በወጣትነታቸው ከአንድ መሪጌታ ተምረውት ነበር፤ ወፍጮው እጃቸውን ሲይዘው ተዉት። አንድ ቀን ከግቢያቸው የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁና በአጥሩ ቀዳዳ ባይ፣ የደረቀውን የዋንዛ ግንድ ገልብጠው ይፈለፍላሉ። ከዚያ ግንድ ገበቴው ወጣ፤ ገበቴ ማለት የበገናው ሆድ ነው፣ ድምፁ የሚያድርበት። ቆዳ ወጠሩበት፣ ሁለት ምሰሶ አቆሙ፣ ከላይ ቀንበሩን አጋደሙ፣ የበግ አንጀት ጠምዝዘው ዐሥሩን አውታር ሠሩ። ሥራው ወራት ፈጀባቸው፤ እኔን ደግሞ የቆዳው ሽታ ሊገድለኝ ነበር።

በገና ትልቅ ነገር ነው። ተቀምጠው ሲይዙት ከራስ በላይ ይቆማል፤ ድምፁም ከመሬት ሥር የሚወጣ ይመስል ወፍራም ነው። ጋሽ አያሌው በጆሯቸው አይሰሙትም። ጉንጫቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈው በአጥንታቸው ነው የሚሰሙት። መጀመሪያ የደረደሩ ዕለት ፊታቸውን አየሁት። እኔ እንባ የሚቀናኝ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን የደንበኛ ስልክ በእጄ እንደያዝኩ አጥር ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

አንድ ሠርተው አላቆሙም። ሌላ ፈለፈሉ፤ ሌላም። ግድግዳው በበገና ሞላ።

«ጋሽዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?» ብዬ ጮኽኩ።

«ለሚደረድር» አሉኝ።

ቆቦ ላይ በገና የሚደረድር ሰው በጣት ይቆጠራል። ስለዚህ አንዷን በር ላይ አስደግፌ፣ ቁመቷ እንዲታወቅ ብዬ፣ ፎቶ አነሣኋትና ቴሌግራም ላይ ለጠፍኳት። የሰው ነገር! አንዱ «ክራሩ ስንት ነው?» ይላል። ሌላው «ይሄ የልጅ አልጋ ነው?» ይላል። አንዷ ደግሞ በሩ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ ወድዳ ዋጋ ጠየቀችኝ። እንዲህ እንዲህ እያልን አንድ እውነተኛ ገዢ ደሴ ላይ ተገኘ።

እንግዲህ አገራችን ዕቃ እንዴት እንደሚላክ ታውቃላችሁ። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ በገመድ አስሮ፣ ለመኪና ረዳት «አደራ» ብሎ መስጠት ነው። አደራ አልን፤ ረዳቱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ተቀበለ። ወቅቱ ግን ሽንኩርት የሚጫንበት ነበር፤ መንገድ ላይ ጆንያ በጆንያ ላይ ሲከመር አደራው ከሥር ቀረ። ገዢው ፎቶ ላከልኝ። ቀንበሩ ለሁለት ተሰብሯል፣ ቆዳው ተተርትሯል። ስልኬን ይዤ ወደ ጋሽ አያሌው ገባሁ። የስልኬ መስታወት የተሰነጠቀ ነው፤ የጠጋኝ ስልክ መቼም ደኅና ሆኖ አያውቅም። እሳቸውም ስልኩን ወዲህ ወዲያ እያዘነበሉ ብዙ አዩት።

«የተሰበረው መስታወቱ ነው ወይስ እሷ?» አሉኝ።

«እሷ ናት፣ ጋሽዬ።»

ለገዢው ገንዘቡን መለስንለት፤ እሱ ቀላሉ ነው። ጋሽ አያሌው ግን መጥረቢያውን፣ መላጊያውንና ሞረዱን በጆንያ ጠቅልለው አልጋ ሥር አስገቡ። ከዚያ ወጥተው በራቸው ላይ ተቀመጡ፤ መንገዱን ያዩ ጀመር።

ያንን አቀማመጥ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ሕይወት የምትባል ነርስ ከአዲስ አበባ «ዐቢይ ጾም ሳይገባ በገና ብታገኙልኝ» ብላ ስትጽፍልኝ፣ ማንንም ሳልጠይቅ «አለ» አልኳት። ከዚያ ገብቼ ስጮኽ ዋልኩ። ጋሽ አያሌው መጀመሪያ እንዳልሰማ ሰው ሆኑ፣ ቀጥለው ተቆጡ፣ በመጨረሻ ተነሥተው ግድግዳው ላይ ካሉት ሁሉ የሚወዷትን፣ ከዋንዛው እምብርት የወጣችውን አወረዱ።

«ይቺ ትሂድ» አሉ። «በደኅና ከደረሰች መጥረቢያዬን አወጣለሁ። ከተሰበረች ግን ልጄ፣ ሁለተኛ እንዳትለምኚኝ። ወልዶ ለሽንኩርት መገበር ይበቃኛል።»

የሕይወት ወንድም የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ወልድያ ላይ ተረክቦ ከጎኑ አስቀምጦ ሊወስዳት ተስማማን። የእኛ ድርሻ ከቆቦ ወልድያ ማድረስ ነበር። ጋሽ አያሌው ራሳቸው ሊያደርሷት ቆረጡ፤ እኔም ጆሮ ልሆናቸው ሱቄን ዘጋሁ።

ሳጥኑን እንዲሠራልን አብሮ አደጌን ታሂርን አናገርነው። ታሂር በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ሰፈራችን ውስጥ የክርስቲያኑን የሬሳ ሳጥን የሚሠራውም እሱ ነው። ለጎረቤት የመጨረሻ ዕቃ እንቢ አይባልም ይላል። ጋሽ አያሌው በገናዋን አስተኝተው ልኳን አስወሰዱት፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለች ናት። ታሂር ጨርሶ በጋሪ ሲያመጣው እኔ አማተብኩ።

«ታሂር! ይሄ እኮ የሬሳ ሳጥን ነው!»

«ወላሂ መቅደስ፣ ረጅም ነገር ሳይነካካ የሚሄድበት ሳጥን እኔ የማውቀው አንድ ነው» አለኝ። «እስካሁን ደግሞ ተሰበርኩ ብሎ የተመለሰ ደንበኛ የለኝም። አብሽሪ!»

ጋሽ አያሌው አልሰሙንም። እሳቸው የሚያዩት የሳጥኑን ውስጥ ብቻ ነበር። ታሂር ስፖንጅ ቢያቀርብላቸው «ሙቀት ይይዛል፣ ቆዳዋን ያላላባታል» ብለው የጤፍ ገለባ ጎዘጎዙ። አውታር ተወጥሮ ከተጓዘ ቀንበር ይሰብራል፤ ስለዚህ ዐሥሩንም አንድ በአንድ አላሏቸው። አስተኟት፣ ግራና ቀኟን በገለባ ሞሉት፤ ታሂርም ክዳኑን በብሎን አሰረ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ጋሽ አያሌው ወደ ቤት ገቡና የራሳቸውን ነጭ ጋቢ፣ ታጥቦ የተቀመጠውን፣ ይዘው ወጡ። አቧራ እንዳይነካት ብለው ሳጥኑን ከራስጌ እስከ ግርጌ አለበሱት። ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ጫኞቹ ሳጥኑን አይተው ኮፍያቸውን አወለቁ። እነዚያ ጎረምሶች፣ በሰላሙ ቀን በዋጋ ሲከራከሩ አገር የሚያደነቁሩት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለአራት ተሸከሙትና ከቅጥቅጡ ጣሪያ ላይ አወጡት። አስቀድሞ የተጫነውን የሽንኩርት ጆንያ ሁሉ ወደ ኋላ አሸሹ። ከሳጥኑ አጠገብ የታሰረ ዶሮ እንኳ አላስቀመጡም። ሾፌሩም መጣና የጋሽ አያሌውን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«እግዜር ያጥናዎት፣ አባቴ» አላቸው።

«አሜን! አሜን!» አሉ ጋሽ አያሌው፤ የመረቃቸው መስሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው ረጥቧል። «አየሽ? ሕዝቡ በገና እንዲህ ያከብራል? እኔ አላውቅም ነበር።»

አፌን ከፈትኩ። ግን ለጋሽ አያሌው ምሥጢር መንገር አይቻልም፤ ለእሳቸው የተነገረ ለመናኸሪያው ሁሉ የተነገረ ነው። ወደ ጣሪያው ቀና ብዬ አየሁ። ሳጥኗ ላይ አንድም ጆንያ የለም። አፌን መልሼ ዘጋሁት። የፈለጋችሁትን በሉኝ።

መኪናው ውስጥ ከፊታችን የተቀመጡ አንዲት ሴት ዞረው ወደ ጋሽ አያሌው ጆሮ ተጠጉና «ምንዎ ነው?» አሉ። ያቺን ጥያቄ ሰሟት።

«ልጄ ናት» አሉ ጋሽ አያሌው ደረታቸውን ነፍተው። «የመጨረሻዋ ልጄ።»

መኪናው ሙሉ ከንፈሩን መጠጠ። ሾፌሩ ሙዚቃውን ዘጋ። ለዜማ ዕቃ ክብር ሲባል ዜማ ሲዘጋ እንግዲህ በዕድሜዬ አንድ ጊዜ አየሁ። ሮቢት ስንደርስ መንገድ ዳር በርጩማ ላይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች ተነሥተው ቆሙ፣ ባጃጆች ዳር ያዙ። ጋሽ አያሌው በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙ ሁሉንም አመሰገኑ። «እግዜር ይስጣችሁ! እናንተንም ያክብራችሁ!» ይሏቸዋል። ልስቅ ነው ላለቅስ ነው እያልኩ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ተቀመጥኩ።

ጎብዬ ላይ ሾፌሩ ቆመ። የሚወርድም የሚሳፈርም ሰው አልነበረም። ለምን እንደቆመ የገባኝ ከጀዊሪያ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እትዬ አስረሳሽ ሲነሡ ሳይ ነው።

በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው እትዬ አስረሳሽን ያውቃቸዋል። ልጃቸው አብርሃም በጦርነቱ ጊዜ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ የመጣ መርዶ ነጋሪ ነበር፤ የት እንደወደቀ ግን የሚያውቅ የለም፤ አስከሬንም መቃብርም የለውም። ቤታቸው ተለቀሰ፣ ድንኳኑ ተነሣ፤ እሳቸው ግን ጥቁራቸውን አላወልቅም አሉ። ዘመድ ለመነ፣ ካህን ለመነ። «ሳልቀብር ምኑን አወልቃለሁ?» ነው መልሳቸው። ከዚያ ወዲህ ሬሳ የጫነ መኪና በጎብዬ ሲያልፍ ከበረንዳው ተነሥተው የማን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሾፌሮቹም ይህን ስለሚያውቁ ሳይቆሙ አያልፏቸውም። አስፋልቱ ዳር ያለ ሰው ሁሉ የሚያከብረው ነገር ሆኗል።

ሾፌሩ ወርዶ ተቀበላቸው። «እትዬ፣ ሴት ናት። አባቷ አብረው አሉ» አላቸው።

የእሳቸው እንዳልሆነ አወቁ። ሆኖም ወደ በረንዳው አልተመለሱም። ቀስ ብለው በእኛ መስኮት በኩል መጡና የጋሽ አያሌውን እጅ ያዙ።

«እርስዎ ታድለዋል» አሏቸው። «ልጅዎን ይዘዋት ሊገቡ ነው። በእጅዎ አፈር ሊያለብሷት ነው።»

ጋሽ አያሌው አልሰሙም። ፈገግ ብለው «አሜን፣ እኅቴ» አሉ።

ከዚያ ወዲያ መቀመጥ አልቻልኩም። በገናዋ ሺህ ጊዜ ትሰበር! ተነሥቼ ቆምኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ።

«ጋሽዬ! ሬሳ መስሏቸው ነው! ሳጥኑን አይተው ነው! በገና መሆኗን የሚያውቅ የለም! እኚህ እናት ልጃቸውን ያጡ ናቸው፤ አስከሬኑን አላገኙም!»

ጎብዬ ሁሉ ሰማ። አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ተወው። ከሳጥኑ ጋር ጣሪያ ላይ ከተጓዙት ጫኞች የአንዱ ድምፅ መጣ፤ «በገና? ለበገና ነው ኮፍያዬን ያወለቅሁት?»

ጋሽ አያሌው መጀመሪያ ሳጥኑ ያለበትን ጣሪያ ቀና ብለው አዩ፣ ከዚያ የእትዬ አስረሳሽን ጥቁር ልብስ አዩ። ከቆቦ ጀምሮ ያሉት «አሜን» ሁሉ አንድ በአንድ ሲመለስባቸው ከፊታቸው አነበብኩት። ወረዱ። እትዬ አስረሳሽ ፊት ቆመው ወገባቸውን ሰበር አደረጉ።

«እኅቴ፣ አላወቅሁም» አሉ። «በእንጨት አሳዘንኩዎ። ይቅር ይበሉኝ።»

እትዬ አስረሳሽ አልተቆጡም። ወደ ሳጥኑ ቀና አሉ።

«ክፈቱልኝ» አሉ። «ሁልጊዜ ስም ነው የሚነግሩኝ። አንድም ቀን ከፍቶ ያሳየኝ የለም።»

እኔ ደነገጥኩ። ያ ሁሉ ገለባ፣ ያ ሁሉ ብሎን፣ ያ ሁሉ ጥንቃቄ! «ጋሽዬ፣ ከተከፈተች እኮ…» ብዬ ስጀምር እጃቸውን አንሥተው ሁለት ጣታቸውን ገጠሙና ዝቅ አደረጉ። ከእትዬ አበበች ምልክቶች አንዱ መሆን አለበት። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ግን ዝም አልኩ።

ሳጥኑ ወረደ። ሾፌሩ ከመቀመጫው ሥር ካቻቢቴ አምጥቶ ብሎኖቹን ፈታ። ክዳኑ ሲነሣ ከአፋር በኩል የሚመጣው ነፋስ አገኘውና ገለባው ብን ብሎ ተነሣ። አስፋልቱ ላይ፣ ሻይ ቤቱ ላይ፣ ፀጉራችን ላይ ተበተነ። በገናዋ ራቁቷን ቀረች። ለመሰብሰብ ሮጥኩ፤ ግን ገለባና ነፋስን ማን ይይዛቸዋል?

እትዬ አስረሳሽ ተንበርክከው አዩአት። ቆዳዋን በመዳፋቸው ዳበሱት፣ ከዚያ የላሉትን አውታሮች ነካ አድርገው ወደ ጋሽ አያሌው ቀና አሉ። ምን እንደጠየቁ ለመስማት ጆሮ አላስፈለገም።

ጋሽ አያሌው በርጩማ ተቀበሉና ተቀምጠው ይቃኙ ጀመር። በገና መቃኘት ጊዜ ይፈጃል፤ አንዱን አጥብቀው ሌላውን ሲነኩ የፊተኛው ይላላል። ሾፌሩ ጥሩንባ አልነፋም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ወርዶ ዙሪያውን ቆመ። ጀዊሪያ የሻይ ብርጭቆዎቿን ማጠብ ተወች። በመጨረሻ ጋሽ አያሌው ጉንጫቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሻካራ ድምፃቸውን ከበገናው ሥር አስገቡት።

የት እንደ ወደቀ ባይነግራት አገሩ፣
ካንተ አይሰወርም የተኛበት አፈሩ።

ደግመው ደጋግመው አሉት። በገና አይቸኩልም። እትዬ አስረሳሽ አልጮኹም፣ ደረታቸውንም አልመቱም። አንድ መዳፋቸውን ገበቴው ላይ አድርገው፣ እንጨቱ ሲንቀጠቀጥ እጃቸውም አብሮ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባቸው ብቻ ይወርዳል። የቀብር ለቅሶ ነበር። ቀብር የሌለው ሰው ቀብር ላይ የቆምን መሆናችንን ሁላችንም አውቀናል። እኔም አለቀስኩ፤ ሁለተኛዬ ነው።

አልቆ ጋሽ አያሌው አውታሮቹን መልሰው ሲያላሉ ነው የገለባው ነገር ትዝ ያለን። ሳጥኑ ባዶ ነው። በገናዋ እንደዚያው ከተጫነች ጎብዬን ሳትወጣ ከጣውላው ጋር ተጋጭታ ታልቃለች። ቅድም የተቆጣው ጫኝ ሽንኩርቱን መሬት ላይ ዘርግፎ ባዶ ጆንያ አመጣልን። ደግ ልጅ ነው፤ ጆንያው ግን ቆዳውን ይፍቃል። ጋቢው ደግሞ አንዱን ጎን ብቻ ነው የሞላው። ጋሽ አያሌው ባዶውን ሳጥን ያዩታል። አልጋ ሥር ያለው፣ መጥረቢያው የተጠቀለለበት ጆንያ ዓይኔ ላይ ድቅን አለብኝ።

ያኔ እትዬ አስረሳሽ ጥቁር ነጠላቸውን ከራሳቸው አወረዱ።

ያ ነጠላ ዘመድና ካህን ለምነው ያላስወለቋቸው ነው። ለሁለት አጠፉት፣ በገናዋን ከገበቴው ጀምረው ሕፃን እንደሚጠቀለል አድርገው ጠቀለሏት፣ ጫፉን ከቀንበሩ ሥር አስገብተው ጠበቅ አደረጉት። ራሳቸው አቅፈው ሳጥኑ ውስጥ አስተኟት። ጋቢውን ከላይ ደረቡላት። ቀና ሲሉ ነጭ ፀጉራቸው በነፋሱ ተገልጦ ነበር። ጀዊሪያ ከበረንዳው ሮጣ መጥታ የራሷን ነጭ ሻሽ ራሳቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው።

«አብሽሩ፣ እትዬ» አለቻቸው።

ጫኞቹ ሳጥኑን መልሰው አወጡት። በገና መሆኗን አሁን ሁሉም ያውቃል፤ ሽንኩርቱን ግን ማንም ወደ እሷ አላስጠጋም። ሾፌሩም ሙዚቃውን እስከ ወልድያ አልከፈተውም። የሕይወት ወንድም ተረከባት፣ ከጎኑ አስቀመጣት፣ ቀበቶም አሰረላት። ሳቅኩበት፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ ጋሽ አያሌው በራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔም የስልክ መስታወት እየቀየርኩ መልእክት ያልገባበትን ስልኬን አሥር ጊዜ አየዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከሕይወት ፎቶው ሲመጣ በበሩ መዞር ረዘመብኝና በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኬ ገባሁ፤ የቀሚሴ ጫፍ ቆርቆሮው ላይ ተቀዶ ቀረ።

ስልኩን ተቀብለው አዘነበሉት፤ ወዲህም ወዲያም አሉት። አላስቻለኝም።

«መስታወቱ ነው የተሰበረው፣ ጋሽዬ! እሷ ደኅና ናት!»

ገብተው አልጋ ሥር ጎንበስ አሉ። በማግስቱ የመጥረቢያው ድምፅ ከአጥር ወዲያ ሲሰማ እኔ ገና ሱቄን አልከፈትኩም ነበር።

ቀጣዩን ሳጥን ታሂር አራት ማዕዘን አድርጎ ሠራው። ጋሽ አያሌው በዚያም አላመኑ፤ ሰው ሁለተኛ እንዳይታለል ብለው በሁሉም ጎን በቀይ ቀለም «በገና ነው» አስጻፉበት። ታሂር «ሥራዬን አሰደባችሁት» ብሎ አኮረፈ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ። ከፋሲካ በኋላ አዲሷን በገና ይዘን ስንሄድ ጎብዬ ላይ ሾፌሩ ቆመ፤ ሌላ ሾፌር ነው፤ ማን እንደነገረው አላውቅም።

እትዬ አስረሳሽ ከበረንዳው ተነሥተው መጡ። ነጭ ለብሰዋል፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው። የማን ነው ብለው አልጠየቁም። ሳጥኑን አስወርደው እጃቸውን አሳረፉበትና «ይቺስ ወዴት ናት?» አሉ። ለጎንደር መሆኗን ነገርኳቸው። ከዚያ ሕይወት የላከችውን መልእክት አደረስኩ፤ ጥቁሩ ነጠላ እሷ ዘንድ ነው፣ አጥባ አስቀምጣዋለች፣ በሚመጣ ሰው ልላከው ወይ ትላለች።

«አይምጣ» አሉ እትዬ አስረሳሽ። «ለልጄ የነበረውን ነው ያለበስኳት። የተገነዘ አይገፈፍም።»

ጋሽ አያሌው አልሰሙም ነበር። «ምን አሉ?» ብለው ጆሯቸውን አቀረቡልኝ። ጮኼ ነገርኳቸው። ጎብዬ ሁሉ ሰማ፤ ይስማ።